ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሊባኖስ፦ የግንቦት ጉዞ ማስታወሻ

ግንቦት 7፣ ደብረ ብርሃን

የግንቦት ሥላሴን በደብረ ብርሃን ሥላሴ ለማክበር ዋዜማውን ገብተን አደርን። አብረውኝ የወጡት የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ናቸው፤ ለጻድቃኔ ማርያም የተሳሉትን መጋረጃ ለማድረስ ጊዜ ሲጠብቁ ቆይተው ዘንድሮ ተሳክቶላቸዋል። እኔ ደግሞ ከእሳቸው ጋር ጻድቃኔን ተሳልሜ፣ የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን የፍልሰተ ዐፅም በዓል በደብረ ሊባኖስ ለማክበር ነው የተነሣሁት። በመንገዱ ሁሉ ላስብበት ይዤው የወጣሁት አንድ ጥያቄም አለኝ፤ ክርስቲያን በሞት ፊት የሚቆምበት ድፍረት ከየት ይመጣል? ከቁጣ ነው? ከወኔ ነው? ወይስ ከሌላ ምንጭ?

ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ብርዱ በግንቦትም አይለቅም፤ ጋቢ ደርበን ነው በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄድነው። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ስግደት የለም፤ ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይመልሳል፤ «አሰሮ ለሰይጣን» ሲሉም «አግዐዞ ለአዳም» ይላል። ከፋሲካ ጀምሮ በየዕለቱ ስለምንሰማው ይህ አዋጅ ለጆሯችን ልማድ ይሆንብናል። ነገር ግን የሰማዕታት ነገር በሙሉ የቆመው በእነዚህ ቃላት ላይ ነው፤ ክርስቶስ ተነሥቷል ብሎ ያመነ ሰው የሞትን ማስፈራሪያ የሚሰማበት ጆሮ እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ከቅዳሴ በኋላ በዐጸዱ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የቦታው ታሪክ ሐሳቤን ያዘው። ከተማዋን የቆረቆሯት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በዚህ ስፍራ በድንጋይ ተወገሩ፤ ከዚያም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ብርሃኑን እግዚአብሔር በሥራቸው መደሰቱን የገለጠበት ምልክት ነው ብለው ተቀበሉት፤ በስፍራውም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማውም ስሙን ከዚህ አገኘ። የዛሬው ሕንፃ ከእርሳቸው ዘመን ብዙ ዘግይቶ የተሠራ ቢሆንም ምድሩ ያው ነው።

እኔ የእመቤታችንን ፍቅር ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ፣ በመስቀል የማማትብ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ በሃይማኖት ነገር ከደቂቀ እስጢፋኖስ ጋር አልስማማም። ሆኖም የተወገሩትን መነኮሳት ሳስብ ልቤ ይከብዳል። ንጉሡ ለእግዚአብሔር የነበራቸው ቅንዓት የሚጠረጠር አይደለም፤ ስለ ሃይማኖት የጻፉ፣ የእመቤታችንን በዓላት ያጸኑ፣ ገዳማትን ያቋቋሙ ሰው ነበሩ። ያው ቅንዓት ግን ጣዖት አመለኩ በተባሉ በገዛ ልጆቻቸው ላይ ሳይቀር እንዲጨክኑ አድርጓቸዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ሥጋዬን ለእሳት አሳልፌ ብሰጥ እንኳ ፍቅር ከሌለኝ ምንም አይጠቅመኝም ያለው ስለ መከራ ተቀባዩ ነው፤ እዚህ ዐጸድ ውስጥ ሆኜ ሳነበው ግን መከራ ለሚያቀበለው ሰው ይልቅ የሚያስፈራ ቃል ሆኖ ተሰማኝ። ነፍስን መስጠት እንኳ ያለ ፍቅር ከንቱ ከሆነ፣ ያለ ፍቅር የሌላውን ነፍስ መውሰድ በእግዚአብሔር ፊት ምን ሊባል ነው?

ግንቦት 8፣ እንገጫና የሰላ ድንጋይ መንገድ

ጠዋት ከደብረ ብርሃን ብዙ ወደማይርቀው ወደ እንገጫ ወጣን። ሜዳው ለሚያየው ሰው ተራ የደጋ ሜዳ ነው፤ በጎች ይግጣሉ፣ ከሩቅ ባሕር ዛፍ ይታያል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግን በደብረ ሊባኖስ ገዳም ጭፍጨፋ ጊዜ ተለይተው የቀሩት ወጣት ዲያቆናት ወደዚህ ተጭነው መጥተው ተረሸኑ። የፋሺስት ጣሊያን ገዥ በነበረው በግራዚያኒ ሪፖርት ቁጥራቸው 129 ተብሎ ሰፍሯል። ስለ ገዳሙ ነገር ቦታው ስደርስ እጽፋለሁ፤ እዚህ ግን ስለ ልጆቹ ብቻ ማሰብ ፈለግሁ።

ከእንገጫ ስንመለስ በመንደሩ ዳር ሁለት የአብነት ተማሪዎች አገኘን። ታላቅየው ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ደበሎ ለብሷል፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቷል። ታናሽየው ከበሩ ፊት ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ድምፁ ቀጭን ነበር። አንዲት እናት ከጓዳ ወጥተው ትኩስ የገብስ ቂጣ ለሁለት ገምሰው ሰጧቸው፤ ልጆቹ ግን ወዲያው አልበሉም፤ ታላቅየው የሁለቱንም አኩፋዳው ውስጥ ከተተው።

እትዬ «ለምን አትቀምሱም ልጆቼ? ሳይቀዘቅዝ ብሉት እንጂ» አሏቸው።

«ሌሎቹ ጎጆ ውስጥ አሉ እማማ፤ አንዱም ታሟል፤ ተሰብስበን ነው የምንበላው» አለ ልጁ።

ያኔ የተረሸኑት ዲያቆናት እንዲህ ያሉ ልጆች ነበሩ። ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ፣ ጾመ ድጓ የሚቀጽሉ፣ ከመምህራቸው እግር ሥር ያልተነሡ፣ የለመኑትን ተካፍለው የሚበሉ። ስለ ድፍረት ሲነገር በዐይነ ልቡናችን የሚመጣው ጎራዴ የታጠቀ ጀግና ነው፤ የቤተ ክርስቲያን የሰማዕታት መዝገብ ግን ከጥንት ጀምሮ በልጆችና በሴቶች የተሞላ ነው፤ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ይህን ይመሰክራሉ። ጥንካሬያቸው የክንድ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ከቀትር በኋላ ወደ ሰላ ድንጋይ የሚሄድ መኪና ተሳፈርን። መንገዱ የሚያልፈው በጥንቱ በተጉለት ምድር ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚሁ በተጉለት ደብረ ምጥማቅን ተክለው ነበር፤ በ1442 ዓ.ም. በዚያ የተሰበሰበው ጉባኤም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውን የሰንበት ክርክር አስታረቀ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን ከእሑድ ጋር እናከብራለን በማለታቸው ብዙ ተገፍተው ነበር፤ በጉባኤው ግን ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ሳይቀሩ ተስማምተው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። መነኮሳቱን ያስወገሩት እኚሁ ንጉሥ ነበሩ፤ ተጣልተው የኖሩትን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡትም እኚሁ ናቸው። ሰውን በአንድ ሥራው ብቻ መዝኖ መጨረስ እንደማይቻል ይህ ታሪክ ያሳየኛል። ከሁለቱ ሥራዎቻቸው ዛሬ በእያንዳንዳችን ሕይወት የሚኖረው ግን ዕርቁ ነው፤ ቅዳሜን ሰንበት ብለን በምናከብርበት ሳምንት ሁሉ የዚያን ጉባኤ ፍሬ እንበላለን።

ግንቦት 9፣ ጻድቃኔ ማርያም

ከሰላ ድንጋይ ወዲያ ካለው መንገድ የተወሰነውን በእግራችን ሄድን። እትዬ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ቢሆንም መጋረጃውን የያዘውን ከረጢት ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉ። «ስለት በሰው ትከሻ አይሄድም» አሉኝ። በመንገዱ ላይ ከየአገሩ የመጣ ምእመን አለ፤ ጠና ያሉ ሰዎች በበትራቸው ተደግፈው፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ የታመመ ወንድማቸውን በቃሬዛ የያዙ ወጣቶች። በሶና ዳቦ ቆሎ የቋጠረ ላልቋጠረው ያካፍላል፤ ማን ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

ጻድቃኔ በጠበሏ የታወቀች ናት። ሱባኤ የያዘው ሰው በየጥጉ ተቀምጦ ይጸልያል፤ ሌሊቱን ተጠምቆ ጠዋት ለቅዳሴ ይቆማል። የታመመ ሰው ያለበት ቤት የሚያውቀው ድካም እዚህ በብዙ ፊት ላይ ይነበባል፤ ከሕመምተኛው ይልቅ ያስታማሚው ድካም ጎልቶ ይታያል። አንድ ጎልማሳ መራመድ የማትችል እናቱን አዝሎ ወደ ጠበሉ ሲወርድ አየሁ። ከዳገቱ ሥር ሦስት ጊዜ አረፈ፤ ባረፈ ቁጥር እናቱን በቀስታ ያስቀምጣል፣ የወደቀውን ነጠላዋን ይመልስላታል፣ ከዚያ ወገቡን ይዞ ይነሣና እንደገና ያዝላታል። ማንም እንዲያየው አልፈለገም፤ ፊቱንም ወደ መንገደኛው አላዞረም። እንዲህ ላለው ሥራ ጀግንነት የሚል ስም የሚሰጠው የለም። በእኔ እምነት ግን ለእግዚአብሔር መሰጠት ማለት ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ ዛሬ ተሸክመህ ነገም እንደምትሸከም እያወቅህ መነሣት ነው።

መጋረጃው ቀይ ነው፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም ክር የተዘመዘመ። እትዬ ለአስተዳዳሪው ሲያስረክቡ አባ ስሙን ጠየቋቸው። የእርሳቸውን ወይም የልጆቻቸውን ስም ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ የማላውቀውን የክርስትና ስም ተናገሩ። በኋላ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ጠየቅኋቸው።

«የጎረቤቴ ልጅ ነው» አሉኝ።

«የትኛዋ ጎረቤት?»

«ያቺ በአጥሩ የተካሰስናት ናታ።»

ነገሩን ቀስ ብለው አጫወቱኝ። በአጥር ወሰን የተነሣ ከጎረቤታቸው ጋር ለዓመታት ሰላምታ ተቋርጦ ነበር፤ ሽማግሌም ገብቶ አልሆነም። አንድ ሌሊት የጎረቤትየዋ ልጅ ታሞ በመኪና ሲወሰድ ጩኸቷን በግድግዳው በኩል ሰሙ። እትዬ ከአልጋቸው ተነሥተው ጧፍ አበሩ፤ ልጁ ከዳነ መጋረጃ ይዘው እንደሚመጡ ለእመቤታችን ተሳሉ። ለጎረቤታቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። ልጁ ዳነ። አጥሩ ዛሬም በተከለችበት ቦታ ቆሟል፤ ሰላምታው ግን ተመልሷል።

«እንዴት ቻሉት እትዬ? ያን ሁሉ ካደረገችዎ በኋላ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እናት ስትጮኽ ሰምቼ ምን ልበል? ስለ አጥሩ ነው የማስበው?»

ይህን ታሪክ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። እኔ ከአዲስ አበባ ስነሣ ስለ ታላላቅ ሰማዕታት ላስብ ነበር የወጣሁት፤ ነገር ግን «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለው ትእዛዝ በሰው ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚህች ሴት ነው። በሌሊት ብቻዋን ለባላጋራዋ ልጅ ጧፍ ያበራች ሴት ከራስዋ ጋር የታገለችው ትግል ትንሽ እንደሆነ አድርጎ የሚያስብ ሰው ቂምን ይዞ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ግንቦት 10፣ መንገድ

ቀኑ በመኪና አለቀ። በደብረ ብርሃን፣ በጫጫ፣ በሸኖና በሰንዳፋ አድርገን ወደ አዲስ አበባ ገባን፤ ከዚህ ነው ነገ በጎጃም በር ወደ ሰላሌ የምንሄደው። ማታ በአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ በኩል ስናልፍ ሐውልታቸውን ተሳለምን። አቡነ ጴጥሮስ የፍቼ አካባቢ ተወላጅ፣ የደብረ ሊባኖስ ተማሪ ነበሩ፤ በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተቀበሉት አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ናቸው። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ከሰላሌ አርበኞች ጋር ነበሩ፤ ከተያዙም በኋላ ለወራሪው እንዲገዙና ሕዝቡን እንዲያስገዙ ቢጠየቁ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። እርሳቸው መናገር የሚችሉበት ሰዓት ተሰጣቸው፤ ተናገሩበትም። ከዐሥር ወር በኋላ በደብረ ሊባኖስ የሞቱት ግን ምንም እንዲናገሩ አልተጠየቁም። ይህ ልዩነት ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ።

ግንቦት 11፣ ደብረ ሊባኖስ

በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪና በደብረ ጽጌ አልፈን ከቀትር በፊት ወደ ገዳሙ መታጠፊያ ደረስን። ደልዳላው የሰላሌ ሜዳ ድንገት ያልቅና ምድር ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል፤ ገዳሙ በገደሉ ወገብ ላይ ነው። ጭላዳዎች በገደሉ ጫፍ ሣር ይነጫሉ። ወደ ገዳሙ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ነድያን ተቀምጠዋል፤ እትዬ የዘረዘሩትን ሳንቲም ለእያንዳንዱ «ተክልዬ ይማርህ፣ ተክልዬ ይማርሽ» እያሉ ሲሰጡ ከታችኛው በር ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወሰደብን።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚሁ በሸዋ፣ በቡልጋ ምድር ተወለዱ፤ ገዳሙን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሠረቱት። ያኔ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ከዋናው ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለው ዋሻ ጠበሉ ከአለቱ ጠብ ጠብ ይላል። ጻድቁ ለጸሎት የቆሙት በዚህ እንደሆነ ገዳሙ ይናገራል፤ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው በዙሪያቸው ጦሮች ተክለው፣ አንድ እግራቸው ከብዙ መቆም የተነሣ እስኪሰበር፣ ከዚያም በኋላ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው እንደጸለዩ ገድላቸው ይነግረናል።

ግንቦት 11 ቅዱስ ያሬድ የተሰወረበት ዕለት ነው። ከምሽቱ ጀምሮ ሊቃውንቱ ማኅሌት ቆሙ፤ መቋሚያው ይወጣል፣ ጸናጽሉ ይወርዳል፣ ከበሮው ከዝማሜ ወደ ወረብ ሲሻገር የሕዝቡ እልልታ ገደሉን ያስተጋባዋል። ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን በእግሩ ላይ እንደተከሉት፣ እርሱም እስኪጨርስ ድረስ እንዳልተሰማው ይነገራል። በዚህች ሌሊት ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አሰብኳቸው፤ የያሬድ እግር በጦር ተወግቶ፣ የተክለ ሃይማኖት እግር ከመቆም ብዛት ተሰብሮ። ሁለቱም ሥቃይን ፈልገው አልሄዱም፤ የሚመለከቱት ነገር ከሥቃዩ ስለበለጠባቸው ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል ያለውም ይህንኑ ይመስለኛል። ሰው ፍርሃቱን ልዋጋው ብሎ ሲነሣ ስለ ፍርሃቱ ማሰብ አይተወውም። ልቡ በሌላ ሲያዝ ግን ፍርሃት ቦታ ያጣል፤ ይህ መያዝም በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፣ በብዙ ሌሊት ቁመት ይለመዳል እንጂ።

ግንቦት 12፣ የፍልሰተ ዐፅም በዓል

የጻድቁ ዐፅም የፈለሰበት በዓል ከቅዱስ ሚካኤል ወርኃዊ በዓል ጋር ይውላል፤ ሕዝቡ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከአዲስ አበባ ይመጣል። ታቦቱ በዣንጥላ ታጅቦ ሲወጣ መሬት የሚታይበት ቦታ አልነበረም። ብዙዎች ሌሊቱን በገደሉ ላይ በየዛፉ ሥር ነበር ያደሩት። አንዲት እማሆይ ከመንዝ በእግራቸው እንደመጡ ነገሩኝ፤ የቁም ጥቁር ባናቸውን አጣጥፈው ተቀምጠውበት ነበር።

«አይከብድም እማሆይ? መንገዱ ረጅም አይደለም?» አልኳቸው።

«ከተክልዬ በዓል ቀርቼ ቤቴ ብቀመጥ ነው የሚከብደኝ» አሉኝ።

መልሳቸው ከአፋቸው ሲወጣ ከ1929 ዓ.ም. ጋር ተያያዘብኝ። በዚያ ዓመት የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን ሕዝቡ ተጨፈጨፈ፤ ፋሺስቶቹ ሙከራውን ያደረጉት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከደብረ ሊባኖስ ጋር ግንኙነት አላቸው ብለው ገዳሙን በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። ይህን ሁሉ የሰማ ሕዝብ፣ ደም ገና ባልደረቀበት በሦስተኛው ወር፣ ለዚህ በዓል እንደ ዛሬው ከየአገሩ ተጉዞ መጣ። እኔ እስከ ትናንት ድረስ የገዳሙ ሰማዕታት ምርጫ አልተሰጣቸውም፣ በድንገት ተይዘው ሞቱ እያልኩ አስብ ነበር። ምርጫቸውን ግን ከቤታቸው ሲነሡ አድርገውታል። አብዛኛው ሕዝብ የሄደው ሊሞት ብሎ አይደለም፤ የሄደው ሊጸልይ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ለመጸለይ መሄድ አደጋ እንዳለው እያወቀ ነው የሄደው። አቡነ ጴጥሮስ በቃላቸው የመሰከሩትን እነዚህ በእግራቸው መሰከሩ።

ግንቦት 13፣ ላጋ ወልዴ

ፍጅቱ የተፈጸመበት ዕለት ነው። ጄኔራል ማለቲ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱንና ለበዓል የመጣውን ምእመን ይዞ ካጎረ በኋላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. በጭነት መኪና እየጫነ ላጋ ወልዴ ወደሚባለው የወንዝ ሸለቆ አወረዳቸው። በሸለቆው ዳር ተደርድረው ሸራ ተሸፍኖባቸው በመትረየስ እንደተገደሉ የዐይን ምስክሮች ተናግረዋል። የፋሺስቱ መንግሥት ሪፖርት በዚያን ቀን የተገደሉት 297 መነኮሳት እንደሆኑ ይገልጻል፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን በጠቅላላው የሞቱት ከሺህ በላይ እንደሆኑ አረጋግጠዋል። በሪፖርት ውስጥ ለበዓል መጥታ የቀረች ገበሬ ሴት ስም አይገኝም።

የገዳሙ አንድ አረጋዊ መነኩሴ አብረውን መጡ። ሸለቆው በግንቦት ደረቅ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ጥቂት ቁጥቋጦ በቅሏል። አባ ጸሎት አደረሱ፤ እኛም «አቡነ ዘበሰማያት» ደገምን። ከዚያ በኋላ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ በልቤ የቆየውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ እዚህ ቦታ ስቆም ቁጣ ይይዘኛል። ለገደሏቸው ሰዎች ጸልይ ብባል አልችልም። ምን ላድርግ?»

አባ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ቁጣህን ይዘህ ወደ እግዚአብሔር ና፤ እሱ አይጥልህም። ግን ይዘኸው አትቁረብ» አሉኝ።

እትዬ ከጎናችን ቆመው ይሰሙ ነበር። «እሱም ቢሆን ቀስ እያለ ይለቃል አባ» አሉ፤ ከዚህ ሌላ አልጨመሩም።

የአባ ምክር ፍትሕን መርሳት ማለት እንዳልሆነ ልጽፍ እፈልጋለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሰማዕታትን ደም ታስባለች፤ የፈሰሰበትን ዕለት በስንክሳር ትጽፋለች፤ ገዳዩንም በስሙ ትጠራዋለች። የሚከለከለው ሌላ ነገር ነው፤ ቁጣው በልብ ሥር ሰድዶ ገዳዮቹ የነበራቸውን ዐይነት ልብ እንዳይሠራብን ነው። ለደብረ ሊባኖስ ሰማዕታት የምንሰጠው ክብር እነርሱ የሞቱበትን ፍቅር የሚክድ ከሆነ ክብር ሊባል አይችልም። ደቂቀ እስጢፋኖስን ያስወገረውን ቅንዓት አስቤ ፈራሁ፤ እንዲህ ያለ ቅንዓት በእኔም ውስጥ ሊያድር ይችላልና።

በእኛ አጥቢያ የግንቦት ተክለ ሃይማኖት በታላቅ ድምቀት ይከበራል፤ ማግስቱ ግን እንደ ማንኛውም ቀን ያልፋል። ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ ይዤ እመለሳለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት 13 ከቅዳሴ በኋላ የመታሰቢያ ጸሎት እንዲደረግ፣ ከዚያም በፊት ከሰላሌ፣ ከመንዝ፣ ከተጉለትና ከቡልጋ የመጡ የአጥቢያችን አረጋውያን ለዚያ በዓል ሄዶ ያልተመለሰ ዘመድ ከነበራቸው ስሙን ከክርስትና ስሙ ጋር እንዲያስመዘግቡ መጠየቅ ነው። የነገሯቸው ወላጆቻቸው አልፈዋል፤ የሰሙት ልጆች ግን ገና አሉ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሰማንያን አልፈዋልና መዘግየት አይገባንም። ስሙ የጠፋውን ሁሉ ካህኑ «ስማቸውን አንተ የምታውቅ» ብለው ይጸልዩለታል።